የኮንስታብል «ሀድሌ ግንብ» ያላለቀ ሥዕል ነው?

ቀለም ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን፣ ቴት ብሪትን ሙዚየም ውስጥ የእንግሊዛዊውን ሰዓሊ የጆን ኮንስታብልን «ሀድሌ ግንብ» አየሁ። የፈረሰ ማማ፣ የሚያስፈራ ደመና፣ ራቅ ብሎ ውሃ። ቀለሙ ግን በቢላ የተለጠፈ ይመስላል። ድንጋዩ የት አልቆ ሣሩ የት እንደሚጀምር አይለይም። ሳይጨርሰው ቀርቶ ነው ወይስ ሆን ብሎ? ዓይኔን ከእሱ ማንሳት አቃተኝ።

የሥነ ጥበብ ተማሪ፦
ያየኸው ንድፍ ነው። ኮንስታብል ለትልልቅ ሥራዎቹ መጀመሪያ በዚያው መጠን በዘይት ቀለም ይነድፍ ነበር። ዋናውን እ.ኤ.አ. በ1829 በለንደኑ የሮያል አካዳሚ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ላይ አቀረበው። አሁን አሜሪካ፣ ዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛል። እዚያ እረኛውና ውሻው ጥርት ብለው ይታያሉ።

ሰዓሊዋ፦
ስለ ሚስቱ ስለ ማሪያ ሳናነሳማ አይሆንም! ኮንስታብል ቦታውን ያየው በ1814 ነው፤ ገና አልተጋቡም። በትንሽ ደብተር ላይ በእርሳስ ነደፈው። የግንቡን አቀማመጥ እያደነቀም ለእሷ ጻፈላት። ተጋብተው 7 ልጆች ወለዱ። በኖቬምበር 1828 በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ያንን የድሮ ንድፍ አንስቶ ይህን የሚያህል ሸራ የሠራው በዚያ ሰሞን ነው። ለእኔ ያ የቢላ ምት ሐዘን ነው። ከዬሉ ይልቅ ንድፉን የምወደውም ለዚህ ነው። የዬሉ ያምራል፤ ግን ተመልካች እንደሚመጣ ያውቃል። ንድፉን ሲሠራ ግን ለሰው ዓይን አልተጨነቀም። ወንድሜ፣ ደግመህ ሂድና ከቅርብ እየው።

የኤሴክስ ነዋሪ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ ግን ሁሉንም ለሐዘን አንስጠው። ግንቡ በእውንም ፈርሷል። ኮረብታው የሸክላ አፈር ነው፤ ይንሸራተታል። በ1551 የገዛው ሎርድ ሪች ደግሞ አስፈርሶ ድንጋዩን ሸጠው። ከለንደን በባቡር ሊ-ኦን-ሲ ጣቢያ ወርደህ ግንቡ ድረስ በእግርህ ትደርሳለህ። መግቢያው ነፃ ነው።

ቀለም ወዳድ፦
አመሰግናለሁ! ቅዳሜ ግንቡን ላይ እሄዳለሁ። ጠዋት ይሻላል ወይስ ከሰዓት?

ሰዓሊዋ፦
ጠዋት! እሱ ራሱ በርዕሱ ላይ «ከማዕበላማ ሌሊት በኋላ ያለ ጠዋት» ብሎ ጽፏል። ዝናብ ከጣለ ቦቲ ጫማ አድርግ። የእርሳስ ደብተርም ያዝ።