ወጣቶችን ከምር የሚያሳትፍ ፕሮግራም እንዴት ነው ሚዘጋጀው?

ሀና_4ኪሎ፦
ሰላም ነው? አራት ኪሎ አካባቢ አንድ የወጣቶች ማዕከል በበጎ ፈቃድ ነው ምሰራው። ነሐሴ 6 የዓለም የወጣቶች ቀን ስለሆነ ፕሮግራም አዘጋጁ ተብለናል። የተለመደውን ታውቁታላችሁ፣ ባነር ይሰቀላል፣ የክብር እንግዳ አርፍዶ ይመጣና ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ አንድ ልጅ ግጥም ያነባል፣ ከዛ ምሳ፣ ቲሸርት፣ ፎቶ፣ ቻው። ዘንድሮ እንደዛ እንዲሆን አልፈልግም ግን ልጆቹን ሰብስቤ ሀሳብ ስጡ ስላቸው "እናንተ እንደወሰናችሁ" ነው ሚሉኝ። ምን ላድርግ?

የካዛንቺስ_ልጅ፦
ሀኒ፣ ቦታው ሰዓቱ እንግዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ ሲጠየቁ ምን ይበሉ ታዲያ? እኛ ጋ የሰራው በጀቱን ማሳየት ነው። አዳራሽ ይሄን ያህል፣ ምሳ ይሄን ያህል ብለን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋንላቸው። ሁሌ ዝም የምትል ልጅ ወረቀቱን ወደራሷ ሳበችና "ለባነር ይሄ ሁሉ ብር? በዚህ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አይመጣም? ጎረቤቴ እኮ መስማት ስለማትችል ነው ምትቀረው" አለች። ባነሩ ቀረ፣ አስተርጓሚ መጣ፣ ከዛ በኋላ ማን ያስቁማቸው። ትንሽም ብትሆን ብሩን እነሱ ይወስኑበት።

አቤል፦
እኔን የሚያሳስበኝ ማን ነው ሚጠራው የሚለው ነው። ሁሌ ወረዳ የሚያውቃቸው ልጆች ናቸው ሚመጡት። ጀበና ቡና የምትሸጠዋ፣ ፓርኪንግ የሚሰራው፣ ሊስትሮው፣ ለነሱ አንድ ቀን መቅረት የቀን ገቢ ማጣት ነው ስለዚህ ወይ ሰዓቱን ለነሱ አስተካክሉ ወይ አበል አስቡላቸው። ደሞ በ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ነው፣ የ16 ዓመት ልጅ የ28 ዓመት ሰው ፊት አፉን አይከፍትም፣ በእድሜ ከፋፍለሽ አወያያቸው። ዝናቡንም አስቢበት፣ ከሰዓት ከጀመራችሁ ታክሲ ጠፍቶ ይመሻል፣ ሴቶቹ ደሞ ሳይመሽ ቤት ግቡ ስለሚባሉ ዋናው ውይይት ሳይጀመር ይወጣሉ። እና ፍልሰታ ነው፣ የጾም ምሳ እንዳይረሳ!!

ቤቲ_ሶሻልወርክ፦
ሮጀር ሀርት የሚባል ሰው በ1992 እ.ኤ.አ. በዩኒሴፍ በኩል ያወጣው የተሳትፎ መሰላል አለ፣ ስምንት ደረጃ ነው፣ የታችኞቹን ሶስቱን ተሳትፎ አይላቸውም። ልጅ ለጌጥ መድረክ ላይ ማውጣት እዛ ውስጥ ነው ሚገባው፣ ያ ግጥም ማለት ነው። ግን የግድ ስምንተኛው ላይ ካልወጣሁ ብለሽ አትጨነቂ፣ ሥራው በትልልቆቹ ቢመደብም ልጆቹ ለምን እንደሆነ በደንብ ተነግሯቸው ፈልገው ከገቡበት እሱም ተሳትፎ ነው። የትኛው በነሱ እጅ እንደሆነ የትኛው እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ንገሪያቸው፣ ያላችሁት ይፈጸማል ብለሽ ሳይፈጸም ከቀረ ሁለተኛ አታገኚያቸውም። ከፕሮግራሙ በኋላም ሀሳባቸው የት እንደደረሰ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጻፊላቸው፣ ይሄን ማንም አያደርገውም፣ በጣም ያናድደኛል።

ሀና_4ኪሎ፦
ኧረ ተባረኩ! በጀቱን ነገ አሳያቸዋለሁ። የእንግዳውን ንግግር ግን አለቃዬ አይቀርም ብሏል፣ እሱን ምን ላድርገው?

የካዛንቺስ_ልጅ፦
አይቅር፣ ያሳጥረው። አምስት ደቂቃ ይናገርና ቀሪውን ሰዓት ልጆቹ ይጠይቁት፣ መድረኩን የሚመሩት ሁለት ልጆች ይሁኑ፣ ጥያቄውንም ራሳቸው ያዘጋጁ። ብቻ ቀድመሽ ለእንግዳው ቢሮ አሳውቂ።