በ1883 ተችዳውን ለምን 2 ነጥብ ብቻ ሆነ?

ሜዳ_ዳር
ሰላም ወገኖች። የአሜሪካ ኮሌጆች የድሮ ፉትቦል ውጤት ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። የ1883 የነጥብ አሰጣጥ እንዲህ ይላል፦ ሴፍቲ (ኳሱን ይዞ ከራስ መስመር ጀርባ መውደቅ፣ ነጥቡ ለተጋጣሚ) 1፣ ተችዳውን (ኳሱን ከተጋጣሚ መስመር ወዲያ ማድረስ) 2፣ ከተችዳውን በኋላ ያለው ምት 4፣ ፊልድ ጎል (በጨዋታ መሐል በምት የሚገባ ጎል) 5። ታግሎ ኳሱን መስመር ያሻገረው 2፣ ተረጋግቶ የመታው 4? ደግሞ የ1869ኙ የሩትገርስና የፕሪንስተን 6 ለ 4 የተቆጠረው በዚሁ ስሌት ነው?

ያርድ_ቆጣሪ
ከኋለኛው ልጀምር። 6 ለ 4 ጎል እንጂ ነጥብ አይደለም። ኖቬምበር 6 በኒው ብሩንስዊክ የተገናኙት በየወገኑ 25 ሆነው ነው፤ ኳሱ ድቡልቡል፣ ይዞ መሮጥም መወርወርም ክልክል፣ በእግር መምታት ወይም በእጅ ገጨት ማድረግ ብቻ። እኛ እግር ኳስ ለምንለው ይቀርባል። በሳምንቱ ፕሪንስተን በሜዳው በራሱ ደንብ ተጫወተ። በዚያ ደንብ ኳሱን ከአየር የቀለበ ሰው ሳይረበሽ የመምታት መብት አለው፤ 8 ለ 0 አለቀ። የዘመኑ ጣጣ ይኸው ነው፣ ደንቡ የባለሜዳው ነው።

ተችዳውን የራግቢ ልጅ ነው። ሃርቫርድ በሜይ 1874 ከሞንትሪያሉ ማክጊል ጋር ተጫውቶ ራግቢን ወደደ፣ ሌሎቹንም ጎትቶ አስገባ። በጊዜው ራግቢ ኳሱን ከመስመር ወዲያ መሬት ማስነካት በራሱ ባዶ ነው፤ ወደ ጎል የመምታት ዕድል ያስገኛል፣ በቃ። በኖቬምበር 1876 ስፕሪንግፊልድ ከተማ ማሳሶይት ሐውስ የተሰበሰቡት የኮሌጅ ተወካዮች (አስተማሪ አይደሉም፣ ተማሪዎች ናቸው) አንድ ጎል 4 ተችዳውን ያህል እንዲመዝን ወሰኑ። የ1883ቱ ሰንጠረዥ የዚያ ቅሪት ነው። ብዙም አልቆየ፤ ወዲያው በ1884 ተችዳውን 4፣ ምቱ 2 ሆኖ ተገለበጠ።

ፍርግርግ
ልክ ነው። ግን የሴፍቲዋ 1 ነጥብ ከየት መጣች? ለእኔ ዋናው ታሪክ እሷ ናት።

በ1880 በየል ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ካምፕ ሐሳብ ተጫዋቹ ከ15 ወደ 11 ወረደ፤ ሁለቱም ወገን ለኳሱ የሚጋፋበት የራግቢው ግፊያም ቀርቶ ኳሱ የአንድ ቡድን ሆነ። መሐለኛው ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ከኋላው የቆመው ተቀባይ፣ ክዋርተርባኩ፣ ያነሳል። ክዋርተርባኩ ራሱ ይዞ ወደ ፊት መሮጥ አይችልም፣ ለሌላ ማቀበል አለበት። ጥሩ ደንብ ነበር፣ ግን ኳሱን የያዘ ቡድን መቼ ይልቀቅ? የሚል ነገር የለበትም። አቻ መውጣት የሚበቃው ወገን ኳሱን ታቅፎ ይውላል። ሲጨናነቅ ደግሞ ወደ ራሱ መስመር ጀርባ ገብቶ ይተኛል፤ ያ ሴፍቲ ነው፣ ዋጋ አያስከፍልም። በ1881 ፕሪንስተን አንዱን አጋማሽ፣ የል ሌላውን እንዲህ ይዘውት ዋሉና 0 ለ 0 ተለያዩ። ተመልካቹ ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ በ1882፦ በ3 ሙከራ 5 ያርድ (4.5 ሜትር ገደማ) ያልሄደ ኳሱን ያስረክብ። ይህን ለመለካት በየ5 ያርዱ ኖራ ተሰመረ፤ ሜዳው የሥጋ መጥበሻ ፍርግርግ ስለመሰለ እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይጠሩታል።

ሜዳ_ዳር
ገባኝ። 5 ያርድ ካቃተው አለቀለት ማለት ነው?

ፍርግርግ
አላለቀለትም! ደንቡ «5 ያርድ ካልገፋ ወይም 10 ያርድ ካላፈገፈገ» ነው የሚለው። 10 ወደ ኋላ ከሸሸህ ኳሱ ያንተው ነው። ተንኮለኛ ካፒቴን የሚጫወትባት ቀዳዳ እሷ ነበረች። ሴፍቲ ላይ ዋጋ ሲጣል ግን ወደ ራስ መስመር መሸሽ ማስፈራት ጀመረ።

ያርድ_ቆጣሪ
አንዱን ሲደፍኑ ሌላው ይከፈታል። በ1888 ኳስ የያዘን ሰው ከወገብ በታች እስከ ጉልበት ይዞ መጣል ተፈቀደ። ሜዳው ላይ ተበትኖ ብቻውን የሚሮጥ ሰው በቀላሉ ስለሚወድቅ ሁሉም ተጠጋግቶ በጅምላ መግፋት ያዘ። የዚህ ጫፍ ሃርቫርድ ኖቬምበር 1892 የል ላይ ያወጣው «በራሪ ሽብልቅ» ነው። ያቀደው ሎሪን ዴላንድ የሚባል የቦስተን ሰው ነው፣ ተጫዋችም አልነበረ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ያኔ ለመክፈቻ ምት ኳሱን በእግር ነካ አድርጎ ማንሳት ይበቃል። በግራና በቀኝ ከኋላ የቆሙ ሁለት ቡድኖች በሙሉ ፍጥነት እየሮጡ ኳሱ ዘንድ ይገጥማሉ፣ ኳስ ያዡ በመሐላቸው ይደበቃል፣ ግጭቱ አንድ ተከላካይ ላይ ያርፋል። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሲሮጥ የመጣን ክምር በምን ያስቆማል? ለነገሩ የል 6 ለ 0 አሸነፈ።

በ1894 የመክፈቻ ምት ቢያንስ 10 ያርድ ይሂድ ተባለ። ኳሱን ነክቶ ማንሳት ስለቀረ ሽብልቁም ከመክፈቻው ምት ላይ ጠፋ፤ በመደበኛ ጨዋታ ላይ ያለው የጅምላ ግፊያ ግን ገና ዓመታት ቀርተውት ነበር።