ፓራሲታሞልን አልሜ ስፈጨው ውሃ ላይ የባሰ የሚንሳፈፈው ለምንድን ነው?

ጠያቂ (የፋርማሲ ተማሪ፣ ሀዋሳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ለቤተ ሙከራ ልምምዳችን በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል የሚይዝ የሕፃናት ሰስፔንሽን (ያልሟሟ ዱቄት በፈሳሽ ውስጥ የተበተነበት መድኃኒት) እያዘጋጀሁ ነው። ዱቄቱ ቶሎ እንዲርስ ብዬ በሙቀጫ ለ20 ደቂቃ ያህል ፈጨሁት፤ ውሃው ላይ ስነሰንሰው ግን ካልተፈጨው ብሶ ከላይ ተንሳፈፈ፣ በቢከሩ ግድግዳ ዙሪያም ነጭ ቀለበት ሠርቶ ተጣበቀ። ቅንጣት ሲደቅ ገጹ ስለሚሰፋ መሟሟቱ ይፈጥናል ተብለን ተምረናል። ስህተቴ የቱ ላይ ነው?

መልስ (የመድኃኒት ቅመማ ባለሙያ፣ አዳማ)፦
የተማሩት ትክክል ነው፤ ሆኖም የሚሰፋው የትኛው ገጽ ነው የሚለው ጥያቄ አብሮ መነሣት አለበት። በክሪስታል ውስጥ ሞለኪውሎቹ በሥርዓት የተደረደሩ በመሆናቸው በአንዱ ጎን ውሃ የሚስበው ክፍላቸው ወደ ውጭ ሲወጣ በሌላው ጎን ውሃ የሚሸሸው ክፍል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት በትልልቅ የፓራሲታሞል ክሪስታሎች (ፎርም 1 በሚባለው የክሪስታል ዓይነት) ላይ የውሃ ጠብታ ተደርጎ ሲለካ የንክኪ ማዕዘኑ (ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን፤ በሰፋ ቁጥር ገጹ ውሃ ይበልጥ ይሸሻል) እንደየገጹ ከ16 ዲግሪ ገደማ እስከ 68 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። ዋናው ነገር፣ ክሪስታሉ ሲመታ በቀላሉ የሚሰነጠቀው ይኸው 68 ዲግሪ የተለካበትን ገጽ ተከትሎ ነው። ስለዚህ በፈጩት ቁጥር ውሃ የሚሸሸውን ገጽ እያበዙ ነው።

መፍትሔው በሶ እንደሚለወሰው ነው፦ ዱቄቱን በጥቂት ግሊሰሪን በሙቀጫው ውስጥ አላቁጠው፣ ከዚያ ውሃውን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ውሃ ዱቄቱን እንዲያርሰው የሚያግዘው ፖሊሶርቤት 80 ጥቂት ቢገባበትም ይረዳል።

ሌላ መልስ (የቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ ሀዋሳ)፦
ከላይ የተባለውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን በጣም የደቀቀ ዱቄት በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስለሚይዝ እንዲሁም ስለሚጓጉል፣ መንሳፈፉን ሁሉ በገጹ ላይ ማሳበብ አይገባም። ሁለቱን ለመለየት የተፈጨውንም ያልተፈጨውንም በእኩል ግፊት ጠፍጣፋ ክኒን አድርገው ጨምቀው የውሃ ጠብታ ያሳርፉባቸው። መጨመቅ ራሱ ገጹን ስለሚነካ ፍጹም መለኪያ ባይሆንም አየሩን ከጉዳዩ ያወጣልዎታል።

ሌላም ያስቡበት። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በ1 ሚሊ ሊትር ውሃ የሚሟሟው ፓራሲታሞል 14 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን የእርስዎ ዝግጅት 24 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ የቀረው ጠጣር ነው። የክፍሉ ሙቀት ቀን ከፍ ማታ ዝቅ ባለ ቁጥር ደቃቆቹ ቅንጣቶች እየሟሙ ትልልቆቹ ያድጋሉ፤ ከመጠን በላይ መፍጨት ይህንንም ያፋጥነዋል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ በግሊሰሪን አላቁጬ ሞከርኩት፤ ቀለበቱ አልተሠራም፣ ውሃው ሲጨመርም ዱቄቱ ወደ ታች ወረደ። ጭምቁን ክኒን ነገ እሠራለሁ፤ ባልተፈጨው ላይ ጠብታው ይበልጥ ከተዘረጋ እዚሁ እጽፋለሁ።