የሠራተኛ ሜዲካል ኢንሹራንስ 60 ከመቶ ጨመረብን፤ እስከ ሰኞ ድረሱልኝ

ሜሪ ዘ ሜክሲኮ፦ ሰላም ቤተሰብ። የሠራተኛ ሜዲካላችን ታኅሣሥ 30 ያልቃል። ዛሬ የማደሻ ደብዳቤ መጣ፤ 1,150,000 ብር የነበረው አረቦን (የዓመት ክፍያው) 1,840,000 ሆኗል። 58 ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ሰርዙትና ለእያንዳንዱ ደሞዙ ላይ በወር 2,000 ብር ጨምሩለት፣ እንገላገል» ብለዋል። ሰኞ ጠዋት ለሠራተኛው የሚለጠፈውን ደብዳቤ ማቅረብ አለብኝ። ናሙና ያላችሁ እባካችሁ ጣሉልኝ።

ጠና፦ ናሙና፦ «ከጥር 1 ጀምሮ መታመም የተከለከለ መሆኑን እናሳውቃለን።»

ብሩክ ቸርችል፦ ብሮከር (የኢንሹራንስ አገናኝ) ያዙ። ሦስት ቦታ ዋጋ ያስመጣላችኋል።

ሂሳብ ሹሙ፦ ሜሪ፣ ደብዳቤው ይቆይሽና መጀመሪያ ሂሳቡን ሥሪው። 2,000 በ58 በ12 ሲባዛ 1,392,000 ነው። ደሞዝ ላይ ከገባ የአሠሪው ጡረታ 11 ከመቶ ይከተለዋል፤ እሱ 153,120። ድምሩ 1,545,120። ከአዲሱ አረቦን የምታተርፉት 295,000 ገደማ ነው። የትርፍ ሰዓት፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድና የስንብት ክፍያ ባደገው ደሞዝ ሲሰላ ደግሞ እሱም ይሸረፋል።

አሁን በሠራተኛው በኩል እዪው። ደሞዙ ከ14,000 በላይ የሆነ ሰው በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ 1395/2017 መሠረት ከ2,000ው 35 ከመቶ፣ ማለትም 700 ብር ግብር ይቆረጥበታል። 140 ጡረታ። እጁ የሚገባው 1,160። እናንተ 2,220 አውጥታችሁ እሱ 1,160 ያገኛል፤ በዚያ ላይ ኢንሹራንሱን ያጣል። «የህክምና አበል» ብላችሁ ለይታችሁ ብትከፍሉ ጡረታው ይቀር እንደሆነ እንጂ ግብሩ አይቀርም። ከግብር ነፃ የሚሆነው አሠሪው ለተቀጣሪው ህክምና በትክክል የወጣውን ወጪ ሲሸፍን ነው፤ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 አንቀጽ 65።

አንቀጽ በአንቀጽ፦ ጥያቄው ከሥሩ መታየት አለበት። ሕግ የሚያስገድድዎትና በፈቃድዎ የሰጡት ጥቅም አንድ አይደሉም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪ የግድ የሚሸከማቸው አሉ፦ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ጭማሪ፤ የሕመም ፈቃድ አንድ ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ሁለት ወር በግማሽ፣ ሦስት ወር ያለ ክፍያ፤ ወሊድ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ፤ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ደግሞ ህክምናና ካሳ። ከሥራ ጋር ላልተያያዘ ሕመም ኢንሹራንስ ይግቡ የሚል ግን በዚህ አዋጅ ውስጥ የለም።

ጠና፦ አቤት! ሴትዮዋ እስከ ሰኞ ነው ያላት።

አንቀጽ በአንቀጽ፦ እየደረስኩ ነው። አንድ ጊዜ በውል ከገቡበት በኋላ ብቻዎን መሰረዝ አይችሉም። በአንቀጽ 15 መሠረት የሥራ ውል ሁኔታ የሚሻሻለው በኅብረት ስምምነት (አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ በሚፈራረሙት)፣ በሥራ ደንብ ወይም በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት ነው። የኅብረት ስምምነት አላችሁ?

ሜሪ ዘ ሜክሲኮ፦ አዎ፣ የሠራተኛ ማኅበር አለን። ስምምነቱ ላይ «የህክምና መድን ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ» ይላል። ለውጥ ያመጣል እንዴ?

ጠና፦ «ለውጥ ያመጣል እንዴ» ትላለች ደግሞ!

አንቀጽ በአንቀጽ፦ ሁሉንም ይለውጣል። ደብዳቤው እንዳይለጠፍ። ከማኅበሩ ጋር ሳትደራደሩ ብትሰርዙ የሥራ ክርክር ይነሳባችኋል።

ብሩክ ቸርችል፦ ለዚህ እኮ ነው ብሮከር ያዙ ያልኩት።

ክሌም ዴስክ፦ ብሮከር ስለያዙ ክሌማቸው (ኢንሹራንሱ ለህክምናቸው የከፈለው) አይቀንስም፤ ሌላውም የኢንሹራንስ ድርጅት የሚጠይቀው ያንኑ የዓመቱን ሪፖርት ነው። እኔ ግን ከጥያቄው ጋር ነው ጠቤ። 60 ከመቶ ማለት የመጨረሻ ዋጋ ሳይሆን የመደራደሪያ መነሻ ነው። የ12 ወር የክሌም ሪፖርት ጠይቂ፤ በተመላላሽ፣ በተኝቶ፣ በወሊድ፣ በጥርስና መነፅር ተለይቶ፣ በየሆስፒታሉ። የሰው ስምና በሽታ አይኑርበት።

ሜሪ ዘ ሜክሲኮ፦ በስልክ ነገሩኝ። የተከፈለው 980,000፣ ከዚያ 640,000 ተመላላሽ።

ክሌም ዴስክ፦ የተከፈለው 980,000 ለአረቦኑ 1,150,000 ሲካፈል 85 ከመቶ ነው። ከፍ ያለ ነው፣ ለ60 ከመቶ ጭማሪ ግን አያደርስም። ጭማሪ አይኑር አልልም፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒትና የላቦራቶሪ ኬሚካል ተወዷል፣ እሱን ተቀበሉ። ቀሪውን ግን በዚህ ተከራከሩ፦

ተመላላሽ ላይ ሠራተኛው 20 ከመቶ ይክፈል። በአምናው ቁጥር 128,000 ብር ነው፤ ከኪሱ ሲወጣ ደግሞ ለጉንፋን ትልቅ ሆስፒታል የሚሄደው ይቀንሳል። ተኝቶ ህክምናን አትንኩ፣ ኢንሹራንስ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። የለቀቁ ሠራተኞች ከዝርዝሩ መውጣታቸውን አረጋግጡ፤ ካርዳቸው ሳይመለስ ወንድም እህት የሚታከምበት ብዙ ነው። መነፅር በዓመት መሆኑ ቀርቶ በሁለት ዓመት አንዴ ይሁን።

ጠና፦ የፀሐይ መነፅር ያደረገው የሽያጭ ክፍል በሙሉ ይቃወማል።

ሂሳብ ሹሙ፦ ሌላም መንገድ አለ። ኢንሹራንሱን ለተኝቶ ብቻ ግዙ፣ ተመላላሹን ጣሪያ አበጅታችሁ በሕጋዊ ደረሰኝ ራሳችሁ ክፈሉ። ልብ በይ፣ አንቀጽ 65 የሚለው «የተቀጣሪው» ህክምና ነው። የቤተሰብ ደረሰኝ ኦዲተር ፊት ስለሚያከራክር ቀድማችሁ ግብር ቢሯችሁን በጽሑፍ ጠይቁ።

አንቀጽ በአንቀጽ፦ ሁለቱም መንገድ ከማኅበሩ ጋር በተፈረመ ቃለ ጉባኤ ይሁን።

ሰላም ነኝ፦ የሥራ ላይ ጉዳት ሽፋኑ እዚያው ፖሊሲ (የመድን ውል) ውስጥ ነው? ከሆነ «ሰርዙት» ሲባል እሱም አብሮ ይሄዳል። አንድ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው ካሳው የዓመት ደሞዙ አምስት እጥፍ ነው፣ ከድርጅቱ ካዝና። ሥራ አስኪያጁ ይህን ቁጥር ይዩት።

ክሌም ዴስክ፦ ጊዜው ካጠረሽ የአንድ ወር ማራዘሚያ በአሮጌው ዋጋ ጠይቂ፤ 95,833 ብር ነው። እምቢ ካሉ በአዲሱ 153,333። ሌላ ድርጅት ከመረጣችሁ እርግዝና ላይ ያሉና የቆየ ሕመም ያለባቸው ሳይቋረጥባቸው እንደሚቀጥሉ በጽሑፍ አስፍሩ። አለበለዚያ አዲሱ ፖሊሲ የመጠበቂያ ጊዜ (ሽፋን የማያገኙበት ጊዜ) ያስቆጥርባቸዋል፤ በርካሽ የተገዛ ሁሉ የሚያናድደው እዚያ ጋ ነው።

ብሩክ ቸርችል፦ እሺ፣ ያንን የሚያጽፍላችሁ ማነው? ብሮከር።

የአራት ኪሎው፦ ሜሪ፣ ሰኞ አለፈ፣ ምን ላይ ደረሳችሁ? እኛም የካቲት ላይ እናድሳለን፤ የተስማማችሁበትን ቁጥር ጣይልን።

ጠና፦ ታማ ይሆናል።