የሚያዝያ 27 የድል በዓል መርሐ ግብር፦ የጋራ ዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ለወረዳው የምናስገባው ጽሑፍ ዓርብ ማለቅ አለበት። ጠዋት አራት ኪሎ ሐውልቱ ዘንድ ተገኝተን፣ ከ5፡00 ሰዓት ጀምሮ በዕድሩ ግቢ እንሰባሰባለን። የቀረውን እዚህ ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ድንኳንና ወንበር ከዕድሩ አለ። ኪራይ የሚያስፈልገው ለድምፅ ማጉያው ብቻ ነው። ዘንድሮ ፉከራው ቢያጥር ደግሞ ጎረቤትም ያመሰግነናል።

አባል ከፒያሳ፦ በዓሉ የድል ነው። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶልዮ በ1928 አዲስ አበባን በያዘበት ቀን፣ ልክ በ5 ዓመቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ገቡ። ደስታው ይገባል። የወደቁትስ? የካቲት 12 በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ላለቀው ሕዝብ ነው፤ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ቆሞለታል። ኮሪያ ዘምተው ለወደቁት የቃኘው ሻለቃ ልጆችም አፍንጮ በር መታሰቢያ አለ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ የወደቀውን ግን በየትኛው ቀን ነው የምናነሣው?

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ አዲስ በዓል ይታወጅ እያሉ ነው? ያ ከእኛ አቅም በላይ ነው።

አባል ከፒያሳ፦ የለም ልጄ፣ ቀኑን አንነካካውም። ደርግ ነካክቶት አይተናል፤ በዓሉን በእንግሊዝ የሚመራው ጦር ከተማዋን ወደያዘበት ወደ መጋቢት 28 ወሰደው። ንጉሡን አስረሳለሁ ብሎ ድሉን ለእንግሊዝ አስረከበ! እኔ የምለምነው ከፉከራው በፊት ግማሽ ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሟቹን ስም ይጥራ።

አባል ከቀበና፦ የአያቴ ፎቶግራፍ የለንም። ጓደኛው ከማይጨው ያመጣው ዝናር ግን አለ፤ አንዱ ኪሱ ተቀዶ በሲባጎ ተሰፍቷል። እናቴ በየዓመቱ ቆዳው እንዳይደርቅ ቅቤ ትቀባዋለች። ይዤው ብመጣ ይፈቀዳል?

ሰብሳቢ፦ እህቴ፣ ይህማ ይጠየቃል? እናትሽንም ይዘሻቸው ነይ። ጽሑፉ እንዲህ ይሁን፦ «ከ5፡00 እስከ 5፡30 በማይጨውና በአምስቱ የአርበኝነት ዓመታት የወደቁት በየቤተሰባቸው አንደበት ይጠራሉ። ፉከራው ከዚያ ይቀጥላል።»

ገንዘብ ያዥ፦ «ወታደሮች» የሚል ይግባበት። የዘመተው ገበሬ ሳይቀር በዚያ ቀን ወታደር ነበር።

ጸሐፊ፦ «ወታደሮችና አርበኞች» ብዬ አስተካክላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲህ ለዝናሩ ትንሽ ጠረጴዛና ነጭ ጨርቅ ከቤቴ አመጣለሁ። ማጉያው ግን ስም ተጠርቶ ሳያልቅ አይከፈት፤ የኪራዩ ሰዓትም ከ5፡30 ይቆጠርልን።