የዕቅድ ውይይት፦ የኤፍ ፒ ቪ ድሮን ሥልጠና የጋራ ሐሳብ፣ ደብረ ብርሃን

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ማኅበራችን ለከተማው አስተዳደር የሚያቀርበው ረቂቅ በአጭሩ ይህን ይላል፦ አንድ ባለ 5 ኢንች ፕሮፔለር ኤፍ ፒ ቪ (አብራሪው በድሮኑ ካሜራ እያየ የሚያበረው) ድሮን በክፍል በክፍሉ እንገዛለን፣ ከወጣቶቹ ጋር እንገጣጥማለን፣ ከዚያ ከከተማ ወጣ ብለን ሜዳ ላይ እናበራለን። የሚገዛው ፍሬም፣ አራት ሞተር፣ ፕሮፔለር፣ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ የበረራ መቆጣጠሪያ፣ ባትሪ፣ ካሜራ፣ ምስል አስተላላፊ ከነአንቴናው፣ የሪሞት ምልክት ተቀባይ። የጎደለ ካለ እስከ ቅዳሜ ማታ ጻፉልኝ።

ጠጋኙ፦ እህቴ፣ የጻፍሽው የሚበረውን ብቻ ነው። መሬት ላይ የሚቀረውስ? መነጽር የለም፣ ሪሞት የለም፣ ቻርጀር የለም። ኤፍ ፒ ቪን ሠርግ ከሚቀርጸው ድሮን የሚለየው እኮ መነጽሩ ነው። አብራሪው ድሮኑን አያይም፤ ድሮኑ የሚያየውን ነው የሚያየው። ካሜራው የያዘውን አስተላላፊው በ5.8 ጊጋኸርዝ ይልካል፣ መነጽሩ ይቀበላል። ምስሉ ትንሽ ከዘገየ ግድግዳው ከደረስክበት በኋላ ነው የሚታይህ።

ገንዘብ ያዥ፦ በዚህ ከቀጠልን ሒሳቡ እጥፍ ሊሆን ነው።

ጠጋኙ፦ አይሆንም፣ አገላብጠን ካየነው። ድሮን ይወድቃል፤ የጀማሪ ደግሞ በየቀኑ ይወድቃል። ፕሮፔለር ይሰበራል፣ ሞተር ይጣመማል። መነጽር፣ ሪሞትና ጥሩ ቻርጀር ግን ከተያዙ ዓመታት ይቆያሉ፣ ለሚቀጥለው ድሮንም ያገለግላሉ። ስለዚህ ገንዘቡን መሬት ላይ በሚቀረው ላይ እናውለው፤ የሚበረው ትንሽና ርካሽ ይሁን።

ጋሼ (የቦርድ አባል)፦ እኔ የመጣልኝ ሌላ ነው፣ ልጆቼ። በዚህ ጊዜ ሜዳ ላይ የድሮን ድምፅ የሰማ ሰው ቀና ብሎ ለማየት አይቆምም፣ ይሸሻል። ልጆች ያስደነግጣል። ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም፤ ፈቃድ ቢገኝ እንኳ ሜዳ የሚለውን ከረቂቁ አውጡት።

ጸሐፊ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ። አውጥቼዋለሁ።

ጠጋኙ፦ እንግዲያው አዳራሽ። ከሞተር እስከ ሞተር 65 ሚሊሜትር የሆነ፣ ፕሮፔለሩ በፕላስቲክ ክብ የታጠረ ድሮን አለ፤ በመዳፍ ላይ ይቀመጣል፣ 30 ግራም ገደማ ነው። መጋረጃ ላይ ቢጋጭ ተነስቶ ይበራል። ችግሩ አንድ ነው፦ የበረራ መቆጣጠሪያው፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያውና ተቀባዩ ብዙ ጊዜ አንድ ሰሌዳ ላይ ስለተጠቀለሉ ለማስተማር አይመችም። የትኛው ምን እንደሚሠራ አይለይም።

መምህር (ፊዚክስ)፦ ለማስተማሪያ ከትልቁ ድሮን አንድ ሞተርና አንድ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ብቻ ገዝተን ጠረጴዛ ላይ ብናስርስ? ያለ ፕሮፔለር። የድሮኑ ሞተር፣ ብሩሽ የሌለው የሚባለው፣ ሦስት ሽቦ አለው፤ ባትሪው የሚሰጠውን ቀጥታ ጅረት መቆጣጠሪያው በየተራ ለሦስቱ እያደለ ያሽከረክረዋል። ከሦስቱ ማናቸውንም ሁለት ብታቀያይሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ድሮኑ ላይ ሁለቱ ሞተሮች ወደ ቀኝ ሁለቱ ወደ ግራ ለምን እንደሚዞሩ ለመጠየቅ ዝግጁ ነው፦ አራቱም ወደ አንድ ቢዞሩ ገላው በተቃራኒው ይሽከረከር ነበር።

ሌላም ልጨምር። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል። ፕሮፔለር የሚገፋው አየር ስለሆነ በዚያው ፍጥነት ቢዞር ግፊቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሞተሩ አብዝቶ መዞር አለበት፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ሻጩ 4 ደቂቃ ካለን እዚህ 4 አይሞላም። ልጆቹ ይለኩት፤ ለእኔ ከማብረሩ የበለጠ ትምህርት ያ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ታዲያ ስንት ባትሪ?

ጠጋኙ፦ ቢያንስ 6። ባለ አንድ ሴል ሊቲየም ፖሊመር፤ ስሙ 3.7 ቮልት ነው፣ ሲሞላ 4.2። ከ3.3 በታች አታውርዱት፣ ለሳምንታት ሲቀመጥ 3.8 አካባቢ ይሁን። ያበጠ ባትሪ ከታየ ቻርጅ አይደረግም፣ ክርክር የለም። ሲሞላም ሰው አጠገቡ ይኑር። የጠዋቱን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ የቀዘቀዘ ባትሪ ጉልበት ያጣል። እስኪበር ድረስ ብብት ሥር ወይም ባና ውስጥ ነው ቦታው።

ወጣቶች ተወካይ፦ እኛስ መቼ ነው የምናበረው? ገጣጥሙ፣ ለኩ፣ እየተባልን እንዳናልቅ።

ጠጋኙ፦ ሪሞቱ በዩኤስቢ ገመድ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፤ መጀመሪያ በሲሙሌተር፣ ማለትም በኮምፒውተር የማስመሰያ በረራ፣ ትወድቃላችሁ። እዚያ ስብራት የለም። ሻል ያላችሁ ስትሆኑ አዳራሽ።

ጸሐፊ፦ አንቀጽ 3ን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፤ ተመልከቱልኝ፦ «ማኅበሩ አንድ መነጽር፣ አንድ ሪሞት፣ አንድ ቻርጀር፣ ሁለት የቤት ውስጥ ትንንሽ ድሮኖች፣ 6 ባትሪ፣ መለዋወጫ ፕሮፔለር፣ ለጠረጴዛ ማሳያ አንድ ሞተርና አንድ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ያቀርባል። ማንኛውም ግዢ የሚፈጸመው የጽሑፍ ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ነው። በረራ በተዘጋ አዳራሽ ብቻ ይካሄዳል፤ ሰዓቱ ቀደም ብሎ ለጎረቤት ይነገራል።»

ጋሼ፦ ለጎረቤት የሚለው ጥሩ ነው። ዕድሩም እንዲያውቀው እኔ ራሴ እነግራለሁ።

ጠጋኙ፦ አንድ ነገር ጨምሪ እህቴ፦ ስታኞና ካቻቪቴ ከእኔ ሱቅ፣ በነፃ። እና በደማቁ ጻፊው፦ አንቴናው ሳይታሰር ምስል አስተላላፊው እንዳይበራ፣ ይቃጠላል።

ገንዘብ ያዥ፦ መነጽሩን የሚያውቅ ሰው ዋጋ ይጠይቅልኝ። ማክሰኞ ሒሳቡን አመጣለሁ።