ወርቃማው የሙቀት ፕላስተር ቦርድ ላይ ቀለጠብኝ፤ ፖሊኢሚድ መሆኑን በምን ልወቅ?

ጥያቄ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሞባይል እጠግናለሁ። አይሲ (ቺፕ) በሞቃት አየር ሳነሣ አጠገቡ ያሉትን ክፍሎች የምሸፍንበት፣ ፖሊኢሚድ ከሚባል ሙቀት ቻይ ፕላስቲክ የሚሠራው ወርቃማ ፕላስተር እስከ ዛሬ ምንም አይሆንም ነበር። አሁን የገዛሁት ጥቅል ግን ማሽኑን 350 ዲግሪ ላይ ሳደርገው ተኮማትሮ ቦርዱ ላይ ቀለጠ። በመልክ ከቀድሞው አይለይም። በምን ልለየው? አንዱ ፕላስቲክ የቻለውን ሙቀት ሌላው ለምን ያቅተዋል?

መልስ (ኮምቦልቻ፣ ጠጋኝ)፦
አብሽር ወንድሜ። ትንሽ ቁረጥና ማጣበቂያውን በአልኮል ጠርገህ በወረንጦ ይዘህ ክብሪት ለኩስበት። ፖሊኢሚድ ይከስላል እንጂ አይንጠባጠብም፤ እሳቱን ስታርቀውም ይጠፋል። እየቀለጠ የሚንጠባጠብ ከሆነ ቀለም የተቀባ ፖሊስተር ነው፤ የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ማለት ነው። እሱ 255 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል።

መልስ (ኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ወልድያ)፦
ለሁለተኛው ጥያቄህ፦ ፖሊስተርም ጠፍጣፋ የካርቦን ቀለበት አለው፤ ነገር ግን በየቀለበቱ መካከል እንደ ልብ የሚዞር ክፍል ገብቶበታል። ሙቀት ሲያገኝ ሰንሰለቱ ይወዛወዛል፣ ይላቀቃል። በአሮማቲክ (ጠፍጣፋ የካርቦን ቀለበት ባለው) ፖሊኢሚድ ውስጥ ናይትሮጅን ያለበት የኢሚድ ቀለበት ከካርቦኑ ቀለበት ጋር ጎን ለጎን ተዋህዷል። ስለዚህ ሰንሰለቱ እንደ ልቡ መጠማዘዝ አይችልም። በዚያ ላይ ኤሌክትሮን የሚያንሰው ክፍል የጎረቤቱን ኤሌክትሮን የበዛበት ክፍል ይስባል። ወርቃማው ቀለም የሚመጣውም ከዚሁ መሳሳብ ነው።

ካፕተን የሚባለው የታወቀ የፖሊኢሚድ ፊልም በሁለት ቀለበቶች መካከል አንድ ኦክስጅን አለው፤ እንደ በር ማጠፊያ ይሠራል። ፊልሙ ሳይሰበር የሚተጣጠፈው በእሱ ነው። መለስለስ የሚጀምረው ግን ከ350 ዲግሪ በላይ ነው። ማጠፊያ የበዛበት አልተም የሚባል ሌላ ፖሊኢሚድ 217 ዲግሪ ላይ ይለሰልሳል፤ በምላሹም ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ መሠራት ይችላል። የኦክስጅን ማጠፊያ የሌለው ዩፒሌክስ ኤስ የሚባል የፖሊኢሚድ ፊልም ግትር ነው፤ ሲሞቅ የሚለጠጠውም ከካፕተን ያነሰ ነው። ታዲያ ማጠፊያውን ሁሉ ለምን አያስወግዱትም ብትል፣ ሰንሰለቱ ፍጹም ቀጥ ሲል ፊልሙ ተሰባሪ ይሆናል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር። የአንዳንድ ታጣፊ ስልኮች ስክሪን ላይ ያለው ቀለም አልባ ፕላስቲክስ? እሱም ፖሊኢሚድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ (አስተማሪው)፦
ልክ ነው። ፍሎሪን የተሸከሙ ግዙፍ ክፍሎች ያስገቡበትና ሰንሰለቶቹን ያራርቋቸዋል፤ መሳሳቡ ሲዳከም ቀለሙ ይጠፋል። ሌላው መንገድ ጠፍጣፋውን ቀለበት አሮማቲክ ባልሆነ መተካት ነው፤ ያኔ ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ በቀለም አትፍረድ።

መልስ (የሞተር ሽቦ ጠቅላይ፣ ሐይቅ)፦
ፊልሙን አወደሳችሁት፣ ማጣበቂያውን ግን ረሳችሁት! ፊልሙ ለአጭር ጊዜ 400 ዲግሪ ቢችልም፣ ከጀርባው ያለው ሲሊኮን ብዙውን ጊዜ የሚመከረው እስከ 260 ነው። እውነተኛውን ብትገዛም አየሩን አንድ ቦታ ላይ አታቁመው። ፕላስተሩን ደርበው፣ ከላይም የአሉሚኒየም ፎይል ጨምርበት።

ጠያቂው፦
ለኮስኩት፤ ተንጠባጠበ። ጥቅሉን ለነጋዴው እመልሳለሁ። ቦርዱ ላይ የቀረውን አሴቶን ያነሣልኛል?

መልስ (ኮምቦልቻ)፦
አሴቶን ፖሊስተርን አያሟሟውም፤ ይልቁንም ሌሎቹን የፕላስቲክ ማያያዣዎች ያበላሽብሃል። በዝቅተኛ ሙቀት ለብ አድርገህ ከጠርዙ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብለህ ላጠው። ብረት አትጠቀም፤ አነስተኛዎቹን ክፍሎች ይነቅላቸዋል።